ድምፅ አሰጣጥን በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ሳጥን፦ ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

የምርጫን ምዕራፍ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት በጠመኔና በሰሌዳ ነው። ተማሪዎቼ የዴሞክራሲን ትርጓሜ ይሸመድዱታል፤ በፈተና ወረቀት ላይም አሳምረው ይጽፉታል፤ ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ግን ድምፅ በምስጢር የሚሰጠው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ተማሪ አላገኝም ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የመምረጥ መብትን በተግባር ለማስተማር የተዘጋጀ የመርጃ መሣሪያ ጥቅል ሲገዛ፣ ማንም ሳይቀድመኝ ወስጄ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ከ38 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ተጠቀምኩበት። ይህን ግምገማ የምጽፈው ጥቅሉን ለመግዛት ለሚያስቡ መምህራንና ርእሳነ መምህራን ነው። የአዘጋጁን ስም ያልጠቀስኩት ዓላማዬ ድርጅቱን መክሰስ ሳይሆን፣ ዕቃው ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚሠራውንና የማይሠራውን ማሳየት በመሆኑ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ የሚገኙት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ታጥፎ የሚቀመጥ የካርቶን የድምፅ ሳጥን፣ ሁለት የድምፅ መስጫ መከለያዎች፣ 200 የድምፅ መስጫ ወረቀቶች በጥራዝ፣ የመራጮች መዝገብ፣ በደረት ላይ የሚንጠለጠሉ የሥራ ድርሻ ካርዶች (መዝጋቢ፣ ሳጥን ጠባቂ፣ ቆጣሪ፣ ታዛቢ)፣ 24 የታሪክ ካርዶች፣ የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጾችና ዘጠኝ ክፍለ ጊዜዎችን የሚሸፍን የመምህር መመሪያ ናቸው። የካርቶኑ ሥራ ጠንካራ ነው፤ በአራት ወራት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ ተገጣጥሞ ተፈታቷል፤ እስካሁን አልተቀደደም።

የመጀመሪያው ጉድለት የሚገኘው መመሪያው ተማሪዎቹን የሚያስመርጣቸው ጉዳይ ላይ ነው። መመሪያው በሌለች ከተማ ውስጥ ለከንቲባነት የሚወዳደሩ ሦስት የፈጠራ ዕጩዎችን ያቀርባል፤ ተማሪዎቹም መግለጫቸውን አንብበው ድምፅ ይሰጣሉ። እኔም መጀመሪያ ላይ መመሪያውን ቃል በቃል ተከተልኩ። ልጆቹ ከመግለጫዎቹ አንዱን እንኳ በቅጡ ሳያነቡ ከጓደኞቻቸው ጋር ተጠቃቅሰው መረጡ፤ ውጤቱ ሲነገርም ለአፍታ አጨብጭበው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ይህ ያሳዘነኝ ልጆቹ ስለቀለዱ አይደለም። ምንም ነገር የማይወስን ምርጫ በእጃቸው ሲገባ፣ ምርጫ ማለት ምንም ነገር የማይወስን ሥርዓት ነው የሚል ትምህርት እያገኙ ስለነበር ነው። ያንን ትምህርት ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለርእሰ መምህራችን አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። የክፍሉ የሳምንቱ የመጨረሻ ነፃ ክፍለ ጊዜ በምን እንዲውል ተማሪዎቹ ራሳቸው ይወስኑ፤ ምንም ዓይነት ውጤት ቢወጣ ግን ሳይከለስ ይፈጸም። ርእሰ መምህሩ ጥቂት አስበው ተስማሙ፤ ስምምነታቸውንም በጽሑፍ ሰጡኝ፤ ወረቀቱን በክፍሉ በር ላይ ለጠፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሐሳብን መግለጽ የሚችል ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፤ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢው ክብደት ይሰጠዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምርጫዎቹ ሦስት ሆኑ፤ ንባብ፣ ስፖርት እና ሥዕል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የክፍሉ መንፈስ ተለወጠ። ዕጩ ሐሳቦቹን ደግፈው የሚናገሩ ልጆች በእረፍት ሰዓት ሳይቀር ሲከራከሩ ይሰሙ ነበር፤ ከሁለት ቃል በላይ ተናግሮ የማያውቅ አንድ ልጅ ለሥዕል ቆሞ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተናገረ።

ከጥቅሉ ሁሉ የበለጠ ያስተማረን የድምፅ መስጫው ወረቀት ነው፤ ያስተማረን ግን በጉድለቱ ነው። የምስጢራዊነትን ትርጉም አስረድቼ ስጨርስ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ተማሪ ለናሙና የታደላትን ወረቀት አጥፋ ወደ መስኮቱ አነሣችው።

«ቲቸር፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ይነበባል እኮ።»

ተቀብያት አየሁት። እውነቷን ነበር። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ በእስክሪብቶ የተደረገው ምልክት ከተጠቀለለው ወረቀት ጀርባ በግልጽ ይታያል። መከለያውም ቢሆን ተቀምጦ ለሚጽፍ ልጅ ይበቃ ይሆናል፤ ቆሞ የሚጽፍን ተማሪ ግን ከትከሻው በላይ አይሸፍነውም። ስለ ምስጢራዊ ድምፅ ለማስተማር የተዘጋጀ ዕቃ ምስጢርን መጠበቅ ካልቻለ ዋናውን ሥራውን አልሠራም ማለት ነው፤ አዘጋጆቹ ከሁሉ አስቀድመው ሊያርሙት የሚገባም ይህንን ነው።

ሆኖም ክፍለ ጊዜውን ወደዚያ ጥያቄ አዞርኩት። የሌላ ሰው ዓይን ወረቀቱ ላይ ቢያርፍ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። በእንግሊዝ አገር እስከ 1872 ድረስ መራጭ የሚመርጠውን ሰው ስም በአደባባይ ጮክ ብሎ ይናገር እንደነበር፣ ጸሐፊውም በመዝገብ ያሰፍረው እንደነበር ነገርኳቸው። መሬቱን ያከራየው ባለርስት ከፊቱ ቆሞ የሚያዳምጥ ጭሰኛ ማንን ሊመርጥ እንደሚችል እንዲያስቡ ጊዜ ሰጠኋቸው። መንግሥት ያሳተመው ወረቀትና ለብቻ የሚገባበት መከለያ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋሉት በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች፣ በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ፣ በ1856 ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። ይህንን ካወራን በኋላ ተማሪዎቹ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ እንዲታጠፍና መከለያው በወንበር ላይ ከፍ እንዲል ራሳቸው ወሰኑ።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ሌላም ጎደሎ አለ። ከተማሪዎቼ አንዱ የማየት ችሎታው እጅግ የደከመ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ለይቶ ማየት አይችልም። መመሪያው እንዲህ ያለ ተማሪ «በመምህሩ ይታገዝ» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። ልጁ ግን «እርስዎ ካነበቡልኝና ካሰመሩልኝ ለእኔ ምኑ ምስጢር ሆነ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በብዙ አገሮች ዐይነ ስውራን መራጮች ወረቀቱን ከውስጡ አስገብተው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ምልክት የሚያደርጉበት የሚዳሰስ አብነት ይሰጣቸዋል። እኔም ከጫማ ካርቶን ቆርጬ ሦስት ቀዳዳ ያለው አብነት ሠራሁለት፤ ከየቀዳዳው ጎን አንድ፣ ሁለትና ሦስት ነጥቦች በመርፌ ወጋሁበት። ልጁ ወደ መከለያው ለብቻው ገብቶ፣ ለብቻው አጥፎ፣ ለብቻው ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ሥራው ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም፤ ስለዚህም አዘጋጆቹ በጥቅሉ ውስጥ ያላካተቱበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።

ወደ ቆጠራው ልለፍ። የሥራ ድርሻ ካርዶቹ እጅግ ጥሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ካርድ በጀርባው የባለ ድርሻውን ተግባርና ሊያደርግ የማይፈቀድለትን ነገር በአጭሩ ይዘረዝራል። ቆጣሪዎቹ ሳጥኑን በሁሉም ፊት ከፍተው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ምልክቱን ለታዛቢዎች እያሳዩ፣ በሰሌዳው ላይ መስመር እያስሰመሩ ቆጠሩ። ስፖርት 15፣ ንባብ 14፣ ሥዕል 10 ሆነ። ጭብጨባው ሊጀመር ሲል የታዛቢነት ካርድ የያዘች ልጅ እጇን አውጥታ ድምሩ 39 መሆኑን ተናገረች። በመዝገቡ ላይ የፈረሙት 38 ናቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልዩነቱ አንድ ድምፅ ነው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለውም ልዩነት አንድ ድምፅ ነው። አንዱ ተማሪ ከሳጥኑ አንድ ወረቀት በዕጣ ወጥቶ ይጣል አለ፤ ሌላው «የወጣው የእኔ ቢሆንስ? እኔ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ተነሣ። ሁለት ወረቀት ያስገባው ሰው ራሱን ያጋልጥ የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ ወዲያው ግን ያ ሰው ማንን እንደመረጠ ሳይናገር እንዴት ወረቀቱ ሊለይ ይችላል የሚል መልስ ተሰጠው። በመመሪያው ውስጥ መልስ ስፈልግ ስለ ቁጥር አለመጣጣም የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አላገኘሁም። በእውነተኛ ምርጫ ከማንኛውም የዕጩ ቆጠራ በፊት የሚሠራው ሒሳብ ይኸው ነው፤ ጣቢያው የተረከበው ወረቀት ቁጥር፣ በሳጥን ውስጥ ከተገኘው፣ ከተበላሸውና ሳይሠራበት ከቀረው ድምር ጋር መመሳከር አለበት። ይህንን ያልያዘ የምርጫ መመሪያ ከልብሱ ላይ ቁልፉን እንደረሳ ልብስ ሰፊ ነው።

ከሃያ ደቂቃ ክርክር በኋላ ክፍሉ በማግሥቱ ድጋሚ ምርጫ እንዲደረግ ወሰነ። በዚህ ጊዜ ደንቡን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ወረቀቶቹ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት በታዛቢዎች ፊት ተቆጠሩ፤ መዝጋቢው በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ እየፈረመ አደለ፤ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ተገልብጦ ለሁሉም ከታየ በኋላ በፕላስተር ታሸገ። ውጤቱ ስፖርት 16፣ ንባብ 12፣ ሥዕል 10 ሆነ። ድምሩ 38 ነው። ታዛቢዋ ድምሩን ሦስት ጊዜ ደምራ አረጋገጠች፤ ከዚያ በኋላ የቃለ ጉባኤውን ግርጌ ፈረመች። የመጀመሪያው ምርጫ ባይበላሽ ኖሮ ይህን ያህል ልናተርፍ እንደማንችል አምናለሁ።

ከዘጠኙ ክፍለ ጊዜዎች ያለ ምንም ማሻሻያ የተጠቀምኩበት ስድስተኛውን ነው። ይህ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ አንድ ምልክት ብቻ ከማድረግ ይልቅ ሦስቱን ምርጫዎች በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ያደርጋል። የእኛ ክፍል የመጀመሪያ ምርጫዎቹን ሳይለውጥ ቅደም ተከተል ሲጨምርበት፣ በመጨረሻ የወጣው ሥዕል ተሰርዞ የደጋፊዎቹ ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ተላለፈ። ከአሥሩ ስምንቱ ንባብን፣ ሁለቱ ስፖርትን በሁለተኛነት አስቀምጠው ነበር። ንባብ 20፣ ስፖርት 18 ሆነ፤ አሸናፊው ተለወጠ። መራጮቹ እነዚያው ናቸው፤ ፍላጎታቸውም ያው ነው፤ የተለወጠው የአቆጣጠር ደንብ ብቻ ነው። አውስትራሊያ ለተወካዮች ምክር ቤቷ ከ1918 ጀምሮ እንዲህ ባለው የቅደም ተከተል ምርጫ እንደምትጠቀም፣ ፈረንሳይ ደግሞ ፕሬዚዳንቷን ስትመርጥ በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ ሁለቱን ቀዳሚዎች ለሁለተኛ ዙር እንደምታቀርብ ነገርኳቸው። ከዚያም የንባብ ደጋፊዎች ውጤቱ ይለወጥልን ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው የሥዕል ደጋፊ የነበረ ልጅ ነው፤ ደንቡ ከምርጫው በፊት የተነገረው ሌላ እንደነበርና ከቆጠራ በኋላ ደንብ የሚቀየር ከሆነ ማንም የተሸነፈ ሰው ሁልጊዜ የሚያሸንፍበትን ደንብ ሊፈልግ እንደሚችል አስረዳ። እኔ አንድ ቃል መጨመር አላስፈለገኝም።

ስለ 24ቱ የታሪክ ካርዶች ግን የተደበላለቀ ስሜት አለኝ። ሥዕሎቻቸው ያምራሉ፤ ጽሑፋቸውም አጭርና ግልጽ ነው። ኒውዚላንድ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠችበት 1893፣ ፊንላንድ ሴቶች እንዲመርጡም እንዲመረጡም የፈቀደችበት 1906፣ ደቡብ አፍሪካ ሁሉም ዘር የተሳተፈበትን የመጀመሪያ ምርጫ ያካሄደችበት ሚያዝያ 1994 በየካርዱ ሰፍረዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ካርድ አንድን ድል ብቻ ነግሮ ማቆሙ ነው። የ1902 የአውስትራሊያ ካርድ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት እንዳገኙ ይናገራል፤ ያው ሕግ አብዛኞቹን የአገሩን ነባር ሕዝቦች ከመምረጥ እንዳገደና እነርሱ መብታቸውን በፌዴራል ደረጃ ያገኙት በ1962 እንደሆነ ግን አይናገርም። የ1870 የአሜሪካ ካርድ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ የተደነገገበትን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያወሳል፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በማንበብና መጻፍ ፈተና፣ በምርጫ ግብርና በዛቻ ጥቁሮች ከመዝገብ እንዲርቁ መደረጋቸውን፣ በ1965 በአላባማ ግዛት በሴልማ ከተማ ድልድይ ላይ ለዚሁ መብት የወጡ ሰልፈኞች መደብደባቸውንና የመምረጥ መብት ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን ዘሎታል። የ1918 የብሪታንያ ካርድም መብቱን ያገኙት ሴቶች 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውና የንብረት መስፈርት ያሟሉ ብቻ እንደነበሩ፣ ከወንዶች ጋር የተስተካከሉትም በ1928 እንደሆነ አልጠቀሰም።

የካርዶቹ ጀርባ ባዶ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቹ በየቡድኑ አራት አራት ካርድ አደልኩና በጀርባው ላይ «በዚህ ዓመት ከውጭ የቀረው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፈልገው በእርሳስ እንዲጽፉ አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። የስዊዘርላንድ ካርድ የደረሰው ቡድን ሴቶች በፌዴራል ደረጃ መምረጥ የቻሉት በ1971 መሆኑን ካርዱ ላይ አንብቦ ነበር፤ በአፔንዜል ኢነርሮደን ካንቶን (ከአገሪቱ የፌዴራል ክልሎች አንዱ) ግን በካንቶኑ ጉዳይ የሚመርጡት ወንዶች ብቻ እንደነበሩና ይህ የቀረው በ1990 በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሆነ ፈልጎ ሲያገኝ፣ ከልጆቹ አንዷ «እናቴ ያኔ ተወልዳለች» ብላ ዓመቱን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መብት በአንድ ቀን ለሁሉም እንዳልታደለ የገባቸው በዚያ የካርድ ጀርባ ላይ ነው። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው እትም ጀርባውን ባዶ ቢተዉት እንኳ ጥያቄውን ብቻ ቢያትሙበት ትልቅ ሥራ ይሆናል።

ከካርዶቹ መካከል ልጆቹ እጅግ የወደዱት የጋምቢያን ነው። በዚያች አገር መራጩ በወረቀት ፋንታ አንዲት ብይ ተቀብሎ የየዕጩው ቀለምና ፎቶግራፍ ካለባቸው በርሜሎች በአንዱ ውስጥ ይጨምራል፤ ብዩዋ ስትወርድ በውስጡ ያለችውን ደወል ትመታለች፤ ስለዚህ ሁለት ብይ የጨመረ ሰው ቢኖር ደወሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ማንበብ የማይችል ዜጋ ያለ ማንም እገዛ እንዲመርጥ የታሰበ ዘዴ ነው፤ በ2021 የፕሬዚዳንት ምርጫም አገልግሏል። ልጆቹ 39ኛውን ወረቀት አስታውሰው በጣሳና በብስክሌት ደወል የራሳቸውን በርሜል ሠሩ፤ ደወሉን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደከሙ።

የመምህሩን ሚና በተመለከተ መመሪያው በአራት ገጽ የሚሰጠው ምክር ጠቃሚ ነው፤ መምህሩ የራሱን ምርጫ እንዳይናገር፣ የሁለቱንም ወገን ክርክር በእኩል ጥንካሬ እንዲያቀርብ፣ በቁጥር ያነሱትን አስቀድሞ እንዲያናግር ይመክራል። ይህን የመጨረሻውን ምክር እስካሁን እየተከተልኩት ነው። ተማሪዎች ከቤት የሰሙትን የፖለቲካ ቁጣ ይዘው ሲመጡ ምን ማድረግ እንደሚገባ ግን ምንም አይልም፤ ያ ደግሞ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥም ነገር ነው።

የቅሬታ ቅጾቹን መጀመሪያ ላይ ለማሟያ የተጨመሩ መስለውኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ከድጋሚ ምርጫው በኋላ አንድ የንባብ ደጋፊ ቅጹን ሞልቶ አመጣ፤ ስፖርት ካሸነፈ ኳስ መጫወት የማይችሉ ልጆች ያንን ክፍለ ጊዜ የት ያሳልፉታል የሚል ነበር። ቅሬታው በክፍሉ ፊት ተነበበ፤ አሸናፊዎቹም ውጤቱ እንዳለ ሆኖ ከወሩ አንዱ ክፍለ ጊዜ ለንባብና ለሥዕል እንዲለቀቅ በእጅ ማውጣት ተስማሙ። ድምፁ 31 ለ7 ነበር።

ጥቅሉን ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ከዚያ በታች ላሉ ክፍሎች የታሪክ ካርዶቹ ይከብዳሉ። የሚገዛው ትምህርት ቤት ግን አስቀድሞ የሚፈጸም አንድ እውነተኛ ውሳኔ ለተማሪዎቹ ለመስጠት መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ ገንዘቡን ለመጻሕፍት ቢያውለው ይሻላል። ሁለቱ መቶ ወረቀቶች በአምስተኛው ምርጫ ላይ አልቀዋል፤ ምትክ ጥራዝ ለብቻው አይሸጥም። አሁን ወረቀቱን የሚያዘጋጁት መዝጋቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከወፍራም ወረቀት በማስመሪያ እየለኩ ይቆርጣሉ፤ ከመቁጠራቸው በፊትም እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብርሃን እንዳያሳልፍ ያያሉ።